ያልተዘጋጀበት ጥያቄ

ጋዜጠኞቹ ሊገቡ ግማሽ ሰዓት ሲቀር፣ የወተት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ መልሱን እንደ ውኃ ጠጥቶት ነበር። ለዚህ ክፉ ቀን የተቀጠረችው አማካሪ ከጠዋት ጀምሮ በጥያቄ ስታፋጥጠው፣ "በወተታችን ለታመሙት ሕፃናት ከልብ እናዝናለን" እያለ ያንበለብለው ነበር።

አሮጊቷ የጽዳት ሠራተኛ ብርጭቆ ሊያነሱ ሲገቡ አማካሪዋ፣ "እማማ፣ እስቲ እርስዎም አንድ ነገር ይጠይቋቸው" አለች።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ?" አሉ ትሪውን እንደያዙ። ከዚያ ቀና ብለው አዩትና፣ "ልጆቹ እንዴት አደሩ?" አሉት።

ሥራ አስኪያጁ መልሶቹ የተጻፉበትን ወረቀት አንስቶ አራቱንም ገጽ ገለበጠ። መልሱ የለም። ወረቀቱን ትሪው ላይ፣ ከባዶዎቹ ብርጭቆዎች ጎን አኖረና የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

"ጋዜጠኞቹስ?" አለች አማካሪዋ።

"ይጠብቁኛ። ልጆቹን ሳላይ ምን እላለሁ?"

አማካሪዋ የጥያቄ ደብተሯን ዘጋች። "ይሂዱ፤ ለእነሱ እኔ አለሁ" አለችው።