የመጀመሪያው ቅዳሴ

አባ ሬናቶ ከባሕር ማዶ መጥተው በእኛ ቆላ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ግንበኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ የፍየል በረት?» ብለው አንድ ጎን ሙሉ አስፈረሱኝ። ሠራተኛው በሳቅ ሞተ። ይኸው እስከ ዛሬ በየጠላ ቤቱ «አቶ በረት» እባላለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ የተመረቀ ዕለት ደወሉ ሦስት ጊዜ ተደወለ፤ አንድም ሰው አልመጣም። ጣሪያው ይወድቃል የሚል ወሬ አገሩን ሞልቶት ነበር። ልስቅባቸው ሄጄ በመስኮት ሳይ፣ አባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ለባዶው አግዳሚ ወንበር፣ «ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላሉ። ሳቁ አልመጣልኝም። ገብቼ መሀል ላይ ተቀመጥኩ።

«ጣሪያው ይወድቃል ሲሉ አልሰማህም?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ፣ አባ።»

ወሬውን ገበያ ላይ የነዛሁት እኔው ነኝ። ግንበኛው ራሱ ሲናገር ማን አያምንም?

አባ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩት። ከዚያ ክንዴን ይዘው አስነሡኝና በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ።

«እዚህ ይሻላል። አንተ አራት ልጆች አሉህ» አሉኝና፣ ተመልሰው መሀል ላይ ቆመው ቅዳሴውን ጀመሩ።