ከዑመይር ዓይን የወጣው ጉድፍ

ባሂራ የዓይን ጠብታውን ይዛ ስትገባ፣ ወንድሟን ዑመይርን ሊጠይቁ ቡታጅራ የመጡት አክስቷ ምላሳቸውን ከዓይኑ አንስተው አንድ ስስ ሌንስ መዳፋቸው ላይ እንትፍ አሉ። «ይኸው ጉድፉ። በምላሴ ስንቱን ዓይን አጥርቻለሁ።»

የባሂራ ደም ፈላ። የሳሱት የዑመይር ብሌኖች እንዲጠነክሩ አዲስ አበባ በብርሃን የታከሙት ትናንት ነበር፤ ቁስሉ እስኪሽር ሁለቱንም በሌንስ የሸፈናቸው ሐኪሙ ነው። «ጉድፍ አይደለም፣ አክስቴ። ሐኪሙ ነው ያደረገለት» አለች ጥርሷን ነክሳ።

ዑመይር እንባው እየወረደ፣ ትልቅ ሰው ላለማሳፈር «አልሐምዱሊላህ፣ ቀለለኝ» አለ።

አክስትየዋ ደስ አላቸውና አገጩን ያዙ። «እሷን ተዋት። ያኛውንም አምጣ፣ ልጄ።»

አዙሮ ሰጣቸው። ያን ጊዜ ባሂራ፣ በትልቅ ሰው ፊት ድምፅዋን እንኳ ከፍ አድርጋ የማታውቀው፣ የአክስቷን አፍ በመዳፏ ግጥም አድርጋ ዘጋችው።