የመጋዙ ድምፅ

ሴትዮዋ ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች የባሏን የሞተር መጋዝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መካኒኩ ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ደርሷታል። ለቅሶው ለምን በባሏ ቤት ሳይሆን እህቷ ቤት እንደሆነ ግን ሳይጠይቅ ነው የተመለሰው።

"ልትሸጪው ነው እንዴ?"

"አይ፣ ይነሳልኝ ብቻ።"

ሰንሰለቱ የሚሽከረከርበትን ረጅም ብረት ፈትቶ ቦዩን ከቆሻሻ ጠረገ። የላላውን ሰንሰለት ወጠረ፤ ካርቡሬተሩንም በቤንዚን አጥቦ ገጠመው። የማስነሻ ገመዱን አንዴ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ።

"ድምፁ እንዲህ አልነበረም፤ ወፈር ይል ነበር" አለች።

የሞተሩን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ሚኒሞውን፣ በካቻቢቴ ቀነስ አደረገላት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

"ትንሽ ደግሞ... አዎ፣ እሱ ነው።" ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

ሞተሩን አጥፍቶ ሰንሰለቱን ሊስል ሞረድ ሲያነሳ እጁን ያዘችው።

"አይድከሙ ጋሼ። እንዳይቆርጠኝ ሰንሰለቱን ያውልቁልኝ።"

"ያለ ሰንሰለት ምን ሊሠራልሽ?"

"የባሌ እናት እኛ ቤት አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ ልባቸው አይችልም ስላለን መርዶውን አላረዳናቸውም። 'ልጄ ዛሬም ጫካ ነው?' ሲሉኝ 'አዎ' እላለሁ። ትናንት 'ታዲያ መጋዙ ምነው አልሰማ አለኝ?' አሉኝ።"

መካኒኩ ሰንሰለቱን አወለቀ። ሴትዮዋ ጥቁር ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀይ ሻሽ አውጥታ አሰረች።

"ገመዱ እንዴት ነው የሚሳበው?" አለችው።