ጥርስ ይዋሻል

«ፓስወርዱ የእናቱ ስም የሆነ ሰው፣» አለ ልዑልቃል፣ የተፈታ ላፕቶፕ ላይ እንዳጎነበሰ፣ «በሩን ገርበብ አድርጎ የተኛ ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን የሚጠረጥረው ከተመነጠረ በኋላ ነው።»

ፍሬሰላምና ሁለት ጓደኞቿ ሳቁ። እነዚህ ተማሪዎች ከኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ጊንጆ ሰፈር እስካለው ጥገና ቤቱ ድረስ በባጃጅ የሚመጡት ኮምፒውተር ለማሠራት ብቻ አይደለም፤ ልዑልቃልን ለመስማትም ነው። እሱም ሰሚ ካገኘ አይጠግብም። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ስለ ጨረቃ ጉዞ፣ ቻርጅ ላይ ስለሚያድር ስልክ፣ ሽሮ ስንት ደቂቃ መንተክተክ እንዳለበት ሳይቀር የማያወላዳ አስተያየት አለው። የቴሌግራም ቻናሉን አራት ሺህ ሰው ይከታተለዋል፤ እሱ ግን ሲያወራ አምስት ሺህ ይለዋል።

በሩ ላይ ጥላ አጠላ። የሸቤው ቡና ገበሬ ኦቦ ኩመራ ነበሩ። በንጹህ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ልዑልቃል በደስታ ብድግ አለ። «ይኸውላችሁ፣ ቪዲዮው ላይ ያያችኋቸው ሰውዬ! አካም ጅርቱ ኦቦ ኩመራ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ቪዲዮውን የማያውቅ የለም። ኅዳር ላይ ልዑልቃል ከአዲስ አበባ ያስመጣውን የእርጥበት መለኪያ ይዞ ሸቤ ወርዶ ነበር። ኦቦ ኩመራ የቡና መድረቅን የሚያውቁት እንደ አባታቸው ነው፤ አንዷን ፍሬ ይፈለፍሉና ይነክሷታል። ቀጭ ካለች ደርቃለች፣ ጥርስ ከያዘች ገና ናት። ያን ቀንም ነክሰው «ገና ነው» አሉ። ማሽኑ ግን አሥራ አንድ በመቶ ብሎ ቆመ፤ ደርቋል ማለት ነው። ልዑልቃል ካሜራውን ወደ ራሱ አዞረና «ጥርስ ይዋሻል፣ ቁጥር አይዋሽም!» አለ። የቻናሉ ተከታይ በሳቅ ሞተ። መለኪያውንም በስጦታ ትቶላቸው ተመለሰ።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። ጨርቁን ገልጠው መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ዕቃህን አበላሸሁብህ መሰለኝ።»

«ምን ሆነ?»

«ቡናው ሻገተ። ዘጠኙም ጆንያ። ነጋዴው እጁን ከተተ፣ አሸተተና ሚዛን ላይ እንኳ አላወጣውም። የዓመት ልፋት ነው፣ ምን ይደረጋል። ማሽኑ ደርቋል ስላለኝ ነው ጆንያ ውስጥ የከተትኩት። እጄ ሻካራ ነው፣ አያያዙን አላውቅበት ይሆናል። አንተ አስተካክለህ የተውክልኝን ግን አንዱንም አልነካሁም።»

ልዑልቃል መለኪያውን አበራው። የገበሬ እጅ ምን እንደነካካ አንድ ባንድ ሊያሳያቸው ነበር። ሲበራ መጀመሪያ ብልጭ የምትለዋን ጽሑፍ ግን ገና ዛሬ አነበባት። ማሽኑ ብዙ ዓይነት እህል ይለካል፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከፋብሪካ የወጣው ስንዴ ላይ ሆኖ ነው። ዛሬም ስንዴ ላይ ነው። መመሪያውን ልዑልቃል ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮታል፤ «መመሪያ የሚያነብ ሰው ነገር የማይገባው ሰው ነው» ብሎ ቻናሉ ላይ የጻፈውም እሱ ነው።

መለኪያውን አጠፋው።

«ኦቦ ኩመራ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «አያችሁ?» አሉ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው። «የሰው ልጅ ማለት ይሄ ነው። እኔ ያጠፋሁትን ይሸከምልኛል። ዋቃ ያሳድግህ፣ ልጄ። ክፉ አይንካህ።»

«ትሑት ነው እኮ፣» አለች ፍሬሰላም ለጓደኞቿ።

ልዑልቃል ዝም ካለ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ሽማግሌው መርቀውት ይሄዳሉ፣ ልጆቹም ከድሮው የበለጠ ያከብሩታል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ደስ አለው። ከስህተቱም በላይ ያሳፈረችው ያቺ ደስታ ናት።

ኦቦ ኩመራ ጨርቃቸውን አጥፈው ወደ በሩ ዞሩ።

«ስንዴ፣» አለ ልዑልቃል።

«ምን አልክ?»

«ማሽኑ የተዘጋጀው ለስንዴ ነው። ቡናዎን ስንዴ ነው ብሎ ነው ሲለካ የከረመው። ሳላይ፣ ሳላነብ የሰጠሁዎ እኔ ነኝ።» አንዴ ከጀመረ ወዲያ ማቆም አቃተው። «ያን ቀን ገና ነው ሲሉ ልክ ነበሩ። እኔ ግን ሰው አሳቅሁብዎ።»

ፍሬሰላም ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ሌሎቹም የሚያዩትን አጡ።

ኦቦ ኩመራ ከበሩ ተመለሱ። ልዑልቃል ቢቆጡት፣ ቢሰድቡት በወደደ ነበር።

«ጥርሴስ ነግሮኝ ነበር፣» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «በየማለዳው ይነግረኝ ነበር። የተማረ ሰው ተናግሯል ብዬ፣ እኔው ነኝ ዝም በል ያልኩት።»

ከኮታቸው ኪስ ከሻገተው ቡና አንድ የጠቆረ ፍሬ ከነገለባው አወጡ። ገለባውን በጥፍራቸው ፈልቅቀው ፍሬዋን በልዑልቃል መዳፍ ላይ አኖሯት።

«ንከሳት።»

ተማሪዎቹ እያዩት ነከሳት። ቀጭ አላለችም። ጥርሱ ቀስ ብሎ ገባባት፤ የሻጋታው ጣዕም አፉን ሞላው።

«ምን አለችህ?» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ፍሬዋን ከአፉ አውጥቶ አያት። የጥርሱ ምልክት መሃሏ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ገና ናት፣» አለ።