ርካሹ ቀለም

የአባቴ አሮጌ መኪና አካሏ እንጨት ነው። ወንድሜ የሞተ ጊዜ አረንጓዴ፣ እህቴ የሞተች ጊዜ ሰማያዊ ተቀባች። ከሐዘን ብዛት ነው እያልኩ አደግኩ። ከባሕር ማዶ ትምህርቴ በተመለስኩ በሳምንቱ አባቴ፣ «እናስቀባት» ብሎ ወደ ደንበኛው ቀለም ቀቢ ይዞኝ ሄደ።

ቀቢው በሩን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ፣ «አንተ ቀለም የቆጠርከው፣ እስቲ ይሄንንም ቁጠር» ብሎ ሳቀብኝ።

ሰማያዊው ሲነሣ አረንጓዴው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ቀን ወጣ፤ አረንጓዴው ሲነሣ እንጨቱ ላይ ሌላ።

«ከመቀባቴ በፊት ቀኑን እጽፋለሁ፤ ልማዴ ነው» አለ።

እንጨቱ ላይ የተጻፈው ወንድሜ በድንገት የሞተበት ቀን ዋዜማ ነበር። አረንጓዴው ላይ ያለውም እህቴ የሞተችበት ቀን ዋዜማ።

«ተሳስተው ይሆናል» አልኩት።

«ቀን ተሳስቼ አላውቅም።» ወደ አባቴ ዞረ። «ጋሼ፣ ለእነዚያ ውዱን ነበር ያዘዙኝ። ዛሬስ?»

አባቴ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከእኔ ሌላ ልጅ አልቀረውም።

«ለዚህኛው ርካሹ ይበቃዋል» አለ።

ቀቢው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና ወደ እኔ ዞረ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ የኔ ልጅ?»