የተሸፈነው ዓይን

ሜላት ፎቶውን ስታይ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አለች። ለዓመታት ተቋርጦ የነበረውን የሶዶን የሕክምና ምርምር መጽሔት እንደገና ሊያስጀምሩ፣ ከአሮን ጋር የድሮ እትሞቹን ኢንተርኔት ላይ እየጫኑ ነበር። ፎቶው በዝሆኔ ያበጠ እግሯን የዘረጋች ሴት ያሳያል፤ የእግሯ አውራ ጣት ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ። የሜላት እናት ናት። ሜላት ያደገችው ያንን እግር እያጠበች ነው።

«ልልቀቀው?» አለ አሮን። በሚቀጥለው እሁድ እነ ሜላት ቤት ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ ዘመዶቹ ደግሞ ዝሆኔ ካለበት ቤት አይጋቡም። «ዓይኗን በጥቁር መስመር ሸፍነውላታል፤ ማንም አይለያትም።»

እናቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ፣ በቀሚሷ ስትሸፍን የኖረችው እግሯን ነበር።

«ምነው፣ ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አላውቃትም» አለች፤ ሁለት እግሯንም ቀስ ብላ ወንበሩ ሥር ሰበሰበች።