የእናቴ እጅ ቅጂ

የእጅ ሙያ እንደ ሶፍትዌር ሰው ላይ መጫን በተጀመረ በዓመቱ፣ ለኮሌጅ የኔትወርክ ኮርሴ ፕሮጀክት ብዬ የእናቴን የወጥ ሙያ ቀድቼ ለመላው አዳማ ለቀቅኩት።

«ከእኔ አይቀነስም?» አለችኝ እናቴ ትርንጎ።

«ኮፒ ነው እማ፤ ቅንጣት አይጎድልብሽም» አልኳት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከታክሲ ስወርድ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ማማሰያ ጨብጦ የማያውቀው ጎረቤታችን ጋሽ በዳሳ ሳይቀር ሽንኩርቱን ልክ እንደ እናቴ ያቁላላል። ከተማው በሙሉ ቤታችን ቤታችን ይሸታል። አንዲት ፋይል ናት እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገችው! እንባዬ መጣ።

አባቴ ዓይነ ስውር ነው፤ ደጃችንን የሚለየው በእናቴ ወጥ ሽታ ነበር። ያን ቀን ለምሳ ሳይመጣ ቀረ። ፈልገን ፈልገን ሦስት ሰፈር አልፎ አገኘነው፤ የማናውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ፣ «ትርንጎ፣ መጣሁ፤ ክፈቺልኝ እንጂ» ይላል።